ሚስጥሩን ሳያሳዩ ማወቅዎን ማስረዳት፦ የስተርን ፕሮቶኮል እንዴት እንደሚሰራ

በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር በስፋት የሚሠራበትን የምስጠራ ዘዴ አርኤስኤን በሾር ስልተ ቀመር (ትላልቅ ቁጥሮችን ወደ ብዜቶቻቸው በፍጥነት በሚበትን ስሌት) ይሰብረዋል። በስህተት አራሚ ኮዶች ላይ ለቆመው ችግር፣ ማለትም በማትሪክስ ሲባዛ የታወቀ ውጤት የሚሰጥና ጥቂት 1ዎች ብቻ ያሉት የቢት ረድፍ ለማግኘት፣ ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ አልተገኘም። ዣክ ስተርን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ችግር ተጠቅሞ፣ አስረጂ ሚስጥሩን ሳያሳይ እንደሚያውቀው ለመርማሪ የሚያረጋግጥበትን መንገድ አቀረበ።

ቁልፉን ማዘጋጀት

640 ረድፍና 1280 አምድ ያለው፣ በዘፈቀደ በ0 እና በ1 የተሞላ ማትሪክስ ይፍጠሩ። ሙሉው 102,400 ባይት ስለሚወስድ እሱን አይላኩ፤ ማትሪክሱ የሚመነጭበትን የ32 ባይት ዘር ብቻ ያሳውቁ። ቀጥሎ 1280 ቢት ርዝመት ያለው ሚስጥር ይምረጡ። በውስጡ ያሉት 1ዎች፣ ማለትም ክብደቱ፣ በትክክል 132 መሆን አለበት። እያንዳንዱን ቢት በዕጣ ማውጣት ይህን ቁጥር አይሰጥም፤ 132 የተለያዩ ቦታዎችን ይምረጡ። ማትሪክሱን በሚስጥሩ ሲያባዙ (ድምሩ በኤክስኦር ነው፦ ተመሳሳይ ቢቶች 0፣ የተለያዩ 1 ይሰጣሉ) ሲንድረም የሚባል 80 ባይት ውጤት ይወጣል። ዘሩና ሲንድረሙ የአደባባይ ቁልፍ ናቸው።

የክብደቱ ገደብ ባይኖር ማንም በጋውስ ማስወገድ (እኩልታዎችን ደረጃ በደረጃ በሚፈታ የታወቀ ዘዴ) መልሱን በቅጽበት ያገኘዋል። ክብደቱ እጅግ ካነሰ ደግሞ ከፕራንጅ (1962) ጀምሮ የተሻሻሉት የፍለጋ ዘዴዎች ይደርሱበታል። ስተርን መጀመሪያ ያቀረባቸው መጠኖች (512 አምድ፣ 256 ረድፍ፣ ክብደት 56) ለዛሬው የ128 ቢት መለኪያ፣ ማለትም ሰባሪውን 2 ኃይል 128 ያህል ሥራ ለማስገደድ፣ አይበቁም።

አንድ ዙር

1. ከሁለት የተለያዩ ዘሮች ሁለት ነገሮች ያመንጩ፦ 1280 ቢት ጭምብል፣ እና የቢቶችን ቦታ የሚያቀያይር ብወዛ።
2. በሃሽ (ከማንኛውም ዳታ ወደ ኋላ የማይመለስ አጭር አሻራ በሚያወጣ ስሌት) ሦስት መያዣዎች፣ ማለትም ይዘታቸው ተደብቆ በኋላ ሊለወጥ የማይችል ቃል ኪዳኖች፣ ሠርተው ይላኩ፤ በእያንዳንዱም አዲስ የዘፈቀደ ጨው (ይዘቱ እንዳይገመት የሚደባለቅ ተጨማሪ ባይቶች) ይጨምሩ። የመጀመሪያው ብወዛውንና የጭምብሉን ሲንድረም፣ ሁለተኛው የተበወዘውን ጭምብል፣ ሦስተኛው የጭምብሉንና የሚስጥሩን ድምር ከተበወዘ በኋላ ይይዛል።
3. መርማሪው 0፣ 1 ወይም 2 ብሎ ይጠይቃል።
4. ለ0 ጭምብሉንና ብወዛውን፣ ለ1 ድምሩንና ብወዛውን፣ ለ2 የተበወዘውን ጭምብልና የተበወዘውን ሚስጥር ይግለጹ። የሚከፈቱት መያዣዎች በተራ 1ኛውና 2ኛው፣ 1ኛውና 3ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው ናቸው።

በጥያቄ 1 መርማሪው የድምሩን ሲንድረም ከአደባባዩ ሲንድረም ጋር ኤክስኦር ሲያደርግ የጭምብሉን ሲንድረም ያገኛል። በጥያቄ 2 ደግሞ ክብደቱ 132 መሆኑን ይቆጥራል፤ ብወዛ ቦታ ይቀይራል እንጂ ቁጥር አይቀይርም።

አጭበርባሪ ለሦስቱ ጥያቄዎች ሁሉ መዘጋጀት አይችልም፤ ለሁለቱ ግን ይችላል። ስለዚህ አንድ ዙር ከ3 ዕድል 2 ያሳልፈዋል። የማለፍ ዕድሉን ከ2 ኃይል 128 አንድ እጅ በታች ለማውረድ 219 ዙር ያስፈልጋል።

ሚስጥር የሚያፈሱ ስህተቶች

አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከዘፈቀደው አያያዝ ነው። በአንድ ጭምብልና ብወዛ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ከተመለሱ ሚስጥሩ አለቀለት፦ ለምሳሌ ጭምብሉና ድምሩ በኤክስኦር ሲገናኙ እሱው ይወጣል። የዘፈቀደ ማመንጫው ሁኔታ ከመጠባበቂያ ቅጂ ሲመለስ ይህ ሳይታወቅ ይደርሳል። ጭምብሉንና ብወዛውን ከአንድ ዘር ማውጣትም ያው ነው፤ በጥያቄ 1 ለብወዛው ሲባል ዘሩ ሲገለጽ ጭምብሉም አብሮ ይጋለጣል። ብወዛውን በፊሸር-ዬትስ (ሁሉንም አቀያየሮች በእኩል ዕድል በሚያወጣ ዘዴ) ይሥሩ፤ ፕሮግራሙም በሚስጥሩ ቢቶች ላይ ተመሥርቶ ቅርንጫፍ አይምረጥ፣ የጊዜ ልዩነቱ ይናገራልና።

ወደ ፊርማ መቀየር

መርማሪውን በሃሽ ይተኩ፤ የአደባባይ ቁልፉን፣ መልእክቱንና የ219ኙን ዙር መያዣዎች ሁሉ አንድ ላይ ያስገቡ። ከሃሹ የሚወጡትን ባይቶች ለ3 አካፍለው ቀሪውን እንደየዙሩ ጥያቄ ሲወስዱ 255ን ይጣሉ፤ አለዚያ 0 ከሌሎቹ ይበዛል። ፊርማው ከ45 ሺህ ባይት ይበልጣል። ከባድ ነው፤ ከቡድን አባላት ማን እንደፈረመ የሚደብቁ በኮድ ላይ የተመሠረቱ ፊርማዎች ግን ከዚሁ መሠረት ተነስተዋል።

መፈተሽ

ሐሰተኛ ሚስጥር በጋውስ ማስወገድ ያውጡ፤ ሲንድረሙ ትክክል ይሆናል፣ ክብደቱ ግን 320 አካባቢ። በ3000 ነጠላ ዙር ሲሞከር 1000 ገደማ ጊዜ ውድቅ መሆን አለበት፣ ሁሉም በጥያቄ 2። አንዴም ካልወደቀ የክብደት ቆጠራው ከኮዱ ውስጥ ተረስቷል።