የኢንኢኳሊቲ መልስ በኢንተርቫል እንዴት ይጻፋል?

ተማሪ እያለሁ አንድ ፈተና ላይ ኢንኢኳሊቲ (ሁለት ወገኖችን በ«ያንሳል» ወይም «ይበልጣል» የሚያነጻጽር) ተሰጥቶኝ ስሌቱን በትክክል ጨርሼ 3 > ሀ ላይ ደረስኩ፤ ሀ የምንፈልገው ቁጥር ነው። መልሱን በኢንተርቫል፣ ማለትም ከየት እስከ የት እንደሚዘልቅ በቅንፍ ስጽፈው ግን (3፣ ∞) አልኩት። ነጥቡ በሙሉ ሄደ። ያሳሳተኝ «የምልክቱ ሹል ወደሚያሳይበት አቅጣጫ አጥቁር» የሚለው አቋራጭ ነው። እባካችሁ አትጠቀሙበት። የሚሠራው ሀ በግራ በኩል ሲቀመጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሀን ለብቻው አውጡት። ለምሳሌ −3ሀ + 5 ≤ 17 ቢሰጣችሁ፣ ከሁለቱም ወገን 5 ስትቀንሱ −3ሀ ≤ 12 ይሆናል። ለ−3 ስታካፍሉ፣ አካፋዩ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ ምልክቱ ይገለበጣል፦ ሀ ≥ −4።

ሀ በቀኝ ከቀረ መልሱን ከሀ ጀምራችሁ በአማርኛ አንብቡት። 3 > ሀ ማለት «ሀ ከ3 ያንሳል» ነው። ስለዚህ ሀ < 3 ብላችሁ እንደገና ጻፉት። አምስት ሰከንድ አይፈጅም፣ እኔን ግን ያን ቀን ያድነኝ ነበር።

አሁን የቁጥር መስመር ሥሩ። በጭንቅላቴ እሠራዋለሁ አትበሉ፤ እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ለ ሀ ≥ −4፣ −4 ላይ ትንሽ ክብ አድርጉ። ምልክቱ «እኩል»ን ስለሚጨምር −4 ራሱ መልስ ነው፣ ክቡን አጥቁሩት። «እኩል» ባይኖር ኖሮ ባዶ ትተዉት ነበር። ከዚያ ከ−4 በስተቀኝ ያለውን መስመር በሙሉ አድምቁት።

ኢንተርቫል ይህን ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ነው። የጠቆረ ክብ [ ወይም ] ይሆናል፣ ባዶው ( ወይም )። የደመቀው ከ−4 ጀምሮ በስተቀኝ ማለቂያ ስለሌለው [−4፣ ∞) ብለን እንጽፋለን። ሀ < 3 ደግሞ (−∞፣ 3) ነው። ትንሹ ሁልጊዜ በግራ ነው፣ (3፣ −∞) የሚባል ነገር የለም። ኢንፊኒቲ (∞) ቁጥር ስላልሆነ «ደርሰንበት አስገባነው» ማለት አይቻልም፣ ስለዚህ እሱ ጋ ሁልጊዜ ክቡ ቅንፍ ነው።

ስትጨርሱ 0ን ተክታችሁ ሞክሩ። −3(0) + 5 = 5፣ ከ17 ያንሳል፣ እውነት ነው፤ 0ም [−4፣ ∞) ውስጥ አለ። ሁለቱ ካልተስማሙ የሆነ ቦታ ስታችኋል፣ ብዙ ጊዜ ማካፈሉ ላይ ነው። ስልክ ላይ ያሉት መተግበሪያዎች መልስ ለማመሳከር ጥሩ ናቸው፣ ግን ራሳችሁ ከሠራችሁ በኋላ ክፈቷቸው።

ባለሁለት ወገን ከሆነ፣ −1 < 2ሀ + 3 ≤ 9፣ ሦስቱም ቦታ ላይ እኩል ትሠራላችሁ፣ 3 ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ ለ2 ታካፍላላችሁ፦ −2 < ሀ ≤ 3፣ ማለትም (−2፣ 3]። «ሀ < −1 ወይም ሀ ≥ 2» ሲመጣ ደግሞ ሥዕሉ ሁለት ቦታ ይደምቃል፤ ሁለቱን በ∪ (የኅብረት ምልክት) አያይዟቸው፦ (−∞፣ −1) ∪ [2፣ ∞)።