«ህብለ ሰረሰር የሚጠግን ነገር ተገኘ» ሲሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከዛፍ የወደቀ ወይም ሞተር የገለበጠው ሰው ያለበት ቤት ጅማና ዙሪያዋ ጥቂት አይደለም። ታዲያ አንድ ቀን ውጭ ያለ ዘመድ ቪዲዮ ይልካል፤ ሽባ የነበረች አይጥ ስትራመድ ያሳያል። ቤተሰቡ «መሬቱንም ሸጠን ቢሆን» ማለት ይጀምራል። እባካችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ የነርቭ ክሮች ይበጠሳሉ። ቦታው ላይ ፈሳሽ የቋጠረ ክፍተት ይቀራል፣ ዙሪያውን ጠባሳ ይይዘዋል፣ ክሮቹም ያንን ተሻግረው ማደግ ያቅታቸዋል። ይህን ለመጠገን ከሚሞከሩት አንዱ ስካፎልድ ይባላል፤ እዚያ ክፍተት ውስጥ የሚገባ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ለስላሳ ነገር ነው። ፎቅ ሲሠራ እንደሚቆም የባሕር ዛፍ ርብራብ፣ ሴሎቹ እሱን ይዘው እንዲያድጉና በኋላ ራሱ ቀልጦ እንዲጠፋ ታስቦ ይሠራል። ኮላጅን ከሚባለው ፕሮቲን፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት ከሚወጣው ካይቶሳን፣ ወይም የሚሟሟ የስፌት ክር ከሚሠራበት ፒኤልጂኤ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ «በሰው ነው በአይጥ?» በሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሳሙኤል ስታፕና ባልደረቦቹ ጉዳት በደረሰባቸው አይጦች ላይ በማግስቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ስካፎልድ የሚሆን ፈሳሽ አንድ መርፌ ወጉ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ አይጦቹ ተራመዱ። ግሩም ሥራ ነው፣ ግን አይጥ ላይ ነው።

ቀጥሎ «ከተጎዳ በስንት ጊዜው?» እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ኢንቪቮ ቴራፒዩቲክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. የፒኤልጂኤ ስካፎልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ አስገባ፤ ጥናቱ የተቀበለው ግን ደረታቸው አካባቢ የተጎዱ፣ ጉዳቱም ገና የቀናት ዕድሜ ያለው ሰዎችን ብቻ ነበር። ወንድማችሁ ከወደቀ ሁለት ዓመት ካለፈው ጠባሳው ጠንክሯል፣ የእነዚያ ውጤት ለእሱ አይሠራም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ «ከማን ጋር አወዳደሩት?» በዚያ ጥናት በስድስት ወር ከታዩት 16 ሰዎች 7ቱ የጉዳት ደረጃቸው ተሻሻለ፤ ብዙ ሰው ተደሰተ። ግን ምንም ሳይገባላቸው በራሳቸው ትንሽ የሚሻላቸውም አሉ። ስካፎልዱ ካልገባላቸው ሰዎች ጋር ያወዳደረው ሁለተኛው ጥናት በ2023 እ.ኤ.አ. ያሰበውን ውጤት አላገኘም፣ በዓመቱ ኩባንያው ከሰረ።

«ማን ይከፍላል?»ንም አትርሱ። ገና እየተሞከረ ያለ ነገር በሺህ ዶላር ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ካለ ስልኩን ዝጉበት። የሕክምና ሙከራዎች በሚመዘገቡበት ድረ ገጽ፣ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ (ClinicalTrials.gov) ላይ ጥናቱን በነፃ መፈለግ ይቻላል፣ እዚያ መመዝገቡ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም የምትታዩበት ቦታ ስትሄዱ «የአሲያ ደረጃው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የጉዳቱን ክብደት የሚለካ ነው፣ ከኤ (ከሁሉም የከፋው) እስከ ኢ (ደህና) ያለውን በጽሑፍ ተቀበሉ። የኤምአርአይ ፊልሙንም አስቀምጡ። ነገ እውነተኛ ዕድል ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው።

እስከዚያው ግን ሥራው ቤት ውስጥ ነው። የአልጋ ቁስል ያወጣ ወይም ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ለሙከራ ላይመረጥ ይችላል፣ ከዚያም በላይ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። አልጋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት። ተረከዙን፣ ዳሌውንና መቀመጫውን በየቀኑ እዩ፣ የማይለቅ መቅላት ወይም መጥቆር ካያችሁ በዚያ ጎን አታስተኙት። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ክብደቱን ከመቀመጫው ያንሳ፣ ያለ ትራስ ደረቅ እንጨት ላይም አታስቀምጡት። ሽንት በየጊዜው እየገባ በሚወጣ ቱቦ (ካቴተር) የሚወጣለት ከሆነ ብዙ ጊዜ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ነው፣ እጅ በደንብ ታጥቦ።

ጉዳቱ ከደረት መሀል በላይ ከሆነና ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ላብና የፊት መቅላት ከመጣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ የሽንት ቱቦው መታጠፉን ወይም ፊኛው መሙላቱን እዩ። ቶሎ ካልለቀቀው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።