ልጆችን በዋና ምድብ ስንደለድል የምንሠራቸው ስህተቶች

የአዲሱ ምድብ ዝርዝር በተለጠፈ ቀን ገንዳው ዳር የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አሰልጣኝ፣ የኔ ልጅ ለምን ታች ቀረች?» መልሱ የሚተናነቀን ብዙውን ጊዜ ወላጆች ስለሚያስቸግሩ አይደለም። ልጅቷን እዚያ ያስቀመጥንበት ምክንያት ለራሳችንም ስላልጠራ ነው።

አንድ ሰዓት አይቶ መወሰን

ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ልጁ 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በጥሩ ሰዓት ጨረሰ፣ በቃ፣ በማግስቱ ላይኛው ምድብ ገባ። 50 ሜትር ግን ፍጥነቱን እንጂ ልምምዱን መቻሉን አያሳይም።

እስቲ አንድ ልምምድ እንይ። ምድቡ 100 ሜትርን 8 ጊዜ ይዋኛል፤ መነሻው በየ2 ደቂቃው ነው። በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የሚጨርስ ልጅ 20 ሰከንድ ያርፋል። በ1 ደቂቃ ከ57 የሚደርሰው ግን ግድግዳውን ነክቶ መነጽሩን እንኳ ሳያስተካክል «ሂድ!» ይባላል። አራተኛው ላይ ክርኑ ይወርዳል፣ ዳሌው ይሰምጣል፣ ለመተንፈስ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ የሚለማመደው ብልሹ አዋዋኝን ነው፤ ያውም 4 ጊዜ ደጋግሞ።

ስለዚህ በውድድር ሰዓቱ ፋንታ ይሄን ጠይቁ፦ አዋዋኙ ሳይበላሽ፣ በየስንት ደቂቃው እየተነሳ፣ ስንቱን ይጨርሳል? ሰዓት ስታወዳድሩም ገንዳውን እዩ። በ25 ሜትር ገንዳ 100 ሜትር የሚዋኝ ልጅ 3 ጊዜ ይዞራል፣ በ50 ሜትሩ አንዴ ብቻ። ግድግዳ መግፋት ስለሚያፈጥን ሁለቱ ሰዓቶች እኩል አይደሉም።

ቁመትን ችሎታ ብሎ መውሰድ

ሴቶች በብዛት 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች 14 አካባቢ በፍጥነት ይመዘዛሉ። ግን አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ነው። ቀድሞ ያደገ የ12 ዓመት ልጅ በረጅም ክንዱ ብቻ እኩዮቹን ጥሎ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ሲያድጉ ልዩነቱ ይጠብባል። አጠገቡ ያለው ትንሹ ልጅ ውሃውን አሳምሮ የሚይዝ ከሆነ፣ በሰዓቱ ብቻ ታች አትተዉት።

እድገት ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ለጊዜው እጅና እግሩ አልታዘዝ ሊለው ይችላል። በዚያ ወር ላይ ለማውረድ አትቸኩሉ።

ዕድሜን መርሳት

ፈጣን የ9 ዓመት ልጅ ከ15 ዓመቶቹ ጋር? መስመሩን ትችለው ይሆናል። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የሚወራውን ግን ማን ያውቃል? ጀማሪ የሆነን የ13 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመቶች ጋር ካሰለፋችሁትም በሁለተኛው ሳምንት አታዩትም።

ምድብን ሽልማት ማድረግ

እኔም አድርጌዋለሁ፤ «ጎበዝ፣ ከሰኞ ጀምሮ ላይ ነህ!» ማለት ደስ ይላል። ችግሩ፣ ላይ መውጣት ሽልማት ከሆነ ታች መቆየት ቅጣት ይሆናል። ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ይዋኝ የነበረ ልጅ በአንዴ 6 ቀን ሲገባ መጀመሪያ የሚጮኸው ትከሻው ነው። መጀመሪያ ለአንድ ወር ያህል ከላይኞቹ ጋር ሁለት ቀን ብቻ ይሞክር። ካልሆነለት ማንም ሳያፍር ይመለሳል።

ዝርዝር ለጥፎ መጥፋት

መስፈርቱን ከመደልደላችሁ በፊት ጻፉት። ታች የምትቆየዋን ልጅ ደግሞ ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ለብቻዋ አነጋግሯት። «ገና ነሽ» ብቻ አትበሏት። «የደረት ቀዘፋ ላይ እግርሽ እንደ መቀስ እየተላለፈ ነው፤ ውድድር ላይ ያሰርዝሻል። እሱን እናስተካክልና ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና አይሻለሁ» በሏት። ቀኑንም እዚያው፣ እያየች፣ ጻፉት።