የታሰረ ሰው ሲደውል ስልኩ እንዲገባ፦ አሜሪካ ውስጥ በስልክና በቪዲዮ መገናኘት

አሜሪካ ውስጥ ሰው ሲታሰርባችሁ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ እናንተ ወደ እሱ መደወል እንደማትችሉ ነው። የሚደውለው እሱ ነው። እሱም ቢሆን ሰዓቱ ሲፈቀድለት፣ የስልክ ተራ ሲደርሰውና ሂሳቡ ላይ ገንዘብ ሲኖር ነው። አገር ቤት እንደለመድነው ስንቅ ቋጥሮ በር ላይ መቆም እዚህ የለም፤ ምግቡን ተቀብሎ የሚያስገባላችሁ ጠባቂ አታገኙም። ስለዚህ የጠያቂ ዋናው ሥራ፣ እሱ መደወል በቻለባት ደቂቃ ስልኩ እንዲገባ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ይህን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሠራችሁት ሰውዬው ውስጥ ሆኖ ይሞክራል ይሞክራል፣ አልገባ ሲለው ቤተሰቤ ተወኝ ብሎ ያስባል። ለዚህ ነው እንዲህ በዝርዝር የምጽፈው።

የት ነው ያለው?

ፖሊስ በቅርቡ ይዞት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ካውንቲ ጄይል፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር እስር ቤት፣ ነው። ተፈርዶበት ከሆነ የስቴት ወይም የፌዴራል እስር ቤት ይሆናል። ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ ልዩ ነገር አለ፤ ከተማዋ ለረጅም ፍርድ የሚሆን የራሷ እስር ቤት ስለሌላት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ወደ ፌዴራል ይላካል፣ ያም ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ማለት ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ከሆነ ደግሞ አይስ የሚባለው የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን አስከባሪ መሥሪያ ቤት ነው የያዘው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ተይዞ ሉዊዚያና ወይም ቴክሳስ ሊገኝ ይችላል።

ፌዴራሉም አይስም ድረ ገጻቸው ላይ እስረኛ መፈለጊያ አላቸው፤ ካውንቲዎችም አብዛኞቹ አላቸው። ችግሩ የእኛ ስም ነው። ኃይለማርያም ፓስፖርቱ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ እስር ቤቱ ደግሞ ማርያምን የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስገባዋል። አንዱ ጋ የአባት ስም መጨረሻ ይሆናል፣ ሌላው ጋ የአያት። የአይስ መፈለጊያ ፊደሉ በትክክል ካልገጠመ የለም ነው የሚላችሁ። የለም ሲላችሁ አትደንግጡ፤ አባትን መጨረሻ አድርጉ፣ አያትን መጨረሻ አድርጉ፣ አንድ ፊደል ቀይሩ፣ አጣምሩ፣ ለዩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኤ ነምበር የሚባለው፣ ኢሚግሬሽን የሰጠው መለያ ቁጥር፣ ነው። ሥራ ፈቃዱ፣ ግሪን ካርዱ ወይም ከኢሚግሬሽን የመጣለት ደብዳቤ ላይ አለ። ዘጠኝ አሃዝ መሆን አለበት፣ ስምንት ብቻ ከሆነ ፊቱ ላይ ዜሮ ጨምሩ፤ የትውልድ አገሩንም ምረጡ። ስሙ በመፈለጊያው ላይ እስኪወጣ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ነገ ደግማችሁ ሞክሩ። ስታገኙት ስሙ የተጻፈበትን መንገድ እንዳለ ገልብጡት፤ ከዚህ በኋላ ስልኩም፣ ገንዘቡም፣ ቪዲዮውም በዚያው አጻጻፍ ነው የሚሄደው፣ ስህተት ቢሆንም እንኳ።

ስልኩን ማዘጋጀት

እያንዳንዱ እስር ቤት ውል የገባበት የስልክ ድርጅት አለው። ብዙ ጊዜ የምትሰሟቸው ሴኪዩረስና ቫያፓዝ ናቸው፤ ቫያፓዝን ብዙ ሰው አሁንም በድሮ ስሙ ጂቲኤል ይለዋል። እናንተ አትመርጡም፤ የእስር ቤቱ ድረ ገጽ የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። እዚያው ላይ ያለውን ሊንክ ተጠቀሙ፣ ጉግል ላይ የወጣውን የመጀመሪያ ማስታወቂያ አትጫኑ።

ገንዘብ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በእናንተ ስልክ ቁጥር ስም የሚከፈት ቅድመ ክፍያ ነው፤ እሱ በዚያ ገንዘብ የሚደውለው ለእናንተ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለተኛው በእሱ ስም የሚገባ ነው፣ በዚህኛው ለተፈቀደለት ለማንም ይደውላል። ሚስቱም፣ ወንድሙም፣ ጠበቃውም የሚጠብቁት ሰው ከሆነ በእሱ ስም ማስገባት ይሻላል። ከእስር ቤቱ ሱቅ ዕቃ የሚገዛበት ሂሳብ ደግሞ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሳታጣሩ አትላኩ። መጀመሪያ ትንሽ አስገቡና መግባቱን ከራሱ አፍ ስሙ፣ ከዚያ ጨምሩ።

ዋጋው እንደየቦታው ነው። ኮነቲከት፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታና ማሳቹሴትስ የስቴት እስር ቤት ስልክን ነጻ አድርገዋል፣ የኒውዮርክ ከተማ ጄይሎችም እንዲሁ። በሌላው አብዛኛው ቦታ ግን ይከፈላል። ዛሬ ዋጋው ከድሮው የቀነሰው ማርታ ራይት የተባሉ የዲሲ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ለመነጋገር የሚከፍሉት ስላስመረራቸው ነው፤ በፈረንጆች 2003 ለፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤት አሉ። እሳቸው በ2015 ቢያርፉም በስማቸው የተጠራው ሕግ በጥር 2023 ተፈረመ። ኮሚሽኑም በ2024 በስልክና በቪዲዮ ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፣ በ2025 ግን አዘግይቶ ጣሪያውን መልሶ ከፍ አደረገው። ስለዚህ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ዋጋ አትመኑ፣ የእናንተን እስር ቤት የዛሬ ዋጋ እዩ።

አሁን ስልካችሁን አንሱ። የማይታወቅ ቁጥርን ዝም የሚያሰኘውን ሴቲንግ አጥፉት፤ አይፎን ላይ ይሄ ከበራ ጥሪው ሳይጮህ ቮይስሜይል ይገባል፣ እሱ ደግሞ ቮይስሜይል ላይ መልእክት መተው አይችልም። አጭበርባሪ መከላከያ አፕ ካላችሁም ፈትሹ፣ የእስር ቤት ቁጥርን እንደ ስፓም የሚቆጥር አለ። ቁጥሩ አንዴ ከመጣ በስሙ ሴቭ አድርጉት። ስታነሱ መጀመሪያ የምትሰሙት ማሽን ነው፤ ከየት እንደተደወለ ይነግራችሁና ለመቀበል አንድ ቁጥር ተጫኑ ይላችኋል። ብዙ እናቶች ማስታወቂያ መስሏቸው የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የማይሰሙ ወላጆች ቤት ከሆነ የሚደውለው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ማሽኑ የሚለውንና የሚጫኑትን ቁልፍ አሳዩአቸው፣ ከተቻለ በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉላቸው።

ፌዴራል ከሆነ የተለየ ነው። እስረኛው እስከ ሠላሳ ቁጥር አስመዝግቦ ያስጸድቃል፣ ያላስመዘገበው ጋ አይደውልም። ጥሪው 15 ደቂቃ ሲሞላ ይቆረጣል፤ በወር የተለመደው ጣሪያ 300 ደቂቃ ነው። ቁጥራችሁን ስለማያስታውስ ወዲያው በደብዳቤ ላኩለት። ሞባይሉ ከተወሰደበት በኋላ የሚስቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

አዲስ አበባ ያለችውን እናት ማገናኘት

ሁላችንም እጃችን የሚሄደው ወደ ኮንፈረንስ ነው። እሱ ሲደውል እናቱን በሌላ መስመር ማስገባት። አታድርጉት። ሦስተኛ ሰው ማስገባትና ጥሪ ወደ ሌላ ስልክ ማስተላለፍ በየቦታው የተከለከለ ነው፣ ሲስተሙ ከያዘው ጥሪው ይቆረጣል። እናንተ ምንም አትሆኑ ይሆናል፤ ስልኩ ተከልክሎ ለወራት ድምፁ ሊጠፋ የሚችለው እሱ ነው። እናትየዋን እዚሁ ክፍል ሌላ ስልክ ላይ በቫይበር አስቀምጦ ስፒከር ለስፒከር ማገናኘትም ያው ነው የሚቆጠረው።

የሚሻለው ወደ ኢትዮጵያ መደወል ይፈቀድ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከተፈቀደ +251 ያለውን ቁጥር ራሱ ያስመዘግብ፣ የውጭ አገር ዋጋ ውድ ስለሆነ ሂሳቡን ለብቻ አስቡት። በሰዓቱም ተስማሙ፤ ዲሲና አዲስ አበባ በአሜሪካ ሰመር 7፣ በአሜሪካ ዊንተር 8 ሰዓት ይራራቃሉ። ለእናቲቱ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ንገሯት፣ ምሽት 2 ሰዓት ማለታችሁን እንድትረዳ። ካልተፈቀደ የእሷን መልእክት ተቀብላችሁ ቃል በቃል አንብቡለት። የምርቃቷን ቃል አታሳጥሩት።

ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከሆነ ግን ጠበቃውን ሳታነጋግሩ ለኤምባሲ አትደውሉ። ኤምባሲውን ማነጋገር መብቱ ነው፣ ይጠቅመው እንደሆነ የሚወስነው ግን እሱ ከጠበቃው ጋር ነው።

አማርኛ ምስጢር አይደለም

ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከጠበቃ ጋር በደንቡ ተመዝግቦ ከሚደረገው ጥሪ በስተቀር ስልኩም ቪዲዮውም ይቀዳል። ዐቃቤ ሕግ ቅጂውን መጠየቅ ይችላል፣ ፍርድ ቤትም ያቀርበዋል። በአማርኛ ስለሆነ ማን ይሰማናል የሚሉ አሉ፤ አስተርጓሚ የሚባል ሥራ አለ፣ በትግርኛም በኦሮምኛም ያው ነው። ዘወር አድርጎ መናገርማ ይብሳል። «ያቺን ነገር ከቤት አንሣት» ቢላችሁ፣ ነገሪቱ የልጁ መድኃኒት ብትሆን እንኳ፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉማ ወረቀት ላይ ስትወጣ ማስረጃ የማጥፋት ወሬ ትመስላለች። መድኃኒት ከሆነ መድኃኒት በሉ። ስለ ክሱ፣ ያን ቀን ስለሆነው፣ ስለ ምስክሮች፣ ማን ምን አለ ስለሚለው ምንም አታንሱ። እሱ ከጀመረ «ይሄን ለጠበቃህ ንገረው» ብላችሁ ወሬውን ቀይሩ። ያኮርፍ ይሆናል። ያኩርፍ።

ቪዲዮ

አፑን አውርዳችሁ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ የመታወቂያችሁንና የፊታችሁን ፎቶ ትልካላችሁ፣ እስር ቤቱ እስኪያጸድቅ ትጠብቃላችሁ። መታወቂያው ላይ ያለው ስምና አካውንቱ ላይ ያለው ስም ይመሳሰል፣ እዚህም የስማችን ነገር ያስጥላል። ከጸደቀ በኋላ ሰዓት ትይዛላችሁ። ሰዓቱ የእስር ቤቱ አካባቢ ሰዓት ነው፤ እናንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ እሱ ሉዊዚያና ከሆነ የእሱ 2 ፒኤም የእናንተ 3 ነው። ቀድማችሁ ግቡ፣ ስለዘገያችሁ አይራዘምም።

እኛ ቤት አንድ ሰው ቪዲዮ ሲያወራ ሰፈሩ ሁሉ አንገቱን ያስገባል። እዚህ አይሆንም፤ ያልተመዘገበ ሰው ስክሪኑ ላይ ከታየ ሊቆረጥ ይችላል። ልጆቹን አብራችሁ አስመዝግቡ። መኪና እየነዳችሁ አታውሩ፣ ስክሪንሾት አታንሱ፣ አትቅረጹ፣ ጠረጴዛው ላይ ቢራ አይታይ። ልብስም ደንብ አለው፣ ገላ የሚያሳይ አይፈቀድም፣ ኮፍያም እንዲሁ። በሃይማኖት ምክንያት ለምትሸፈኑ ቀድማችሁ ጠይቁ። ብርሃኑ ከፊታችሁ ይምጣ፣ መስኮቱን ከኋላ ካደረጋችሁት ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ቤቱን ማየት ይወዳሉ፤ የልጁን ሥዕል፣ ረከቦቱን፣ የተቀባውን ግድግዳ አሳዩት።

አጭር መልእክትም አለ። ፌዴራል ውስጥ ኮርሊንክስ ይባላል፣ ለእናንተ ነጻ ነው፣ እሱ ግን ለሚጠቀምበት ደቂቃ ይከፍላል፤ ፎቶ አይያያዝም። ሌላው ጋ በታብሌት ነው። በአማርኛ ፊደል ከመጻፋችሁ በፊት አንዲት አጭር መስመር ልካችሁ መድረሷን ጠይቁት። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛም ቢሆን የሚያነበው ሠራተኛ ከሌለ ሊዘገይ ይችላል።

ምን ይወራል?

15 ደቂቃ በሰላምታ ያልቃል። ደህና ነህ፣ እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ ስንባባል አምስቱ ይሄዳል። ወረቀት ያዙ። የሚጠየቀውን አስቀድሙ፦ መድኃኒቱን ሰጡት ወይ፣ ጠበቃው መጣ ወይ፣ ቀጠሮው መቼ ነው። ከዚያ ተራ ወሬ አውሩ። የጎረቤቱን ነገር፣ የኳሱን ነገር፣ ልጁ ትምህርት ቤት ያለውን። እሱ የሚፈልገው ይሄን ነው፣ እናንተ ግን እሱ ታስሮ ይሄን ማውራት ነውር ይመስላችኋል። ነውር አይደለም። ደግሞም ቀንና ሰዓት ይኑራችሁ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ሌላ፣ ዋናው እናንተ የምታነሱበት መሆኑ ነው። ካልደወለ ቶሎ አትሸበሩ፤ ክፍሉ ተዘግቶ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ይሆናል።

በጣም ከባዱ መርዶ ነው። በእኛ ወግ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚረዳው። እስር ቤት ያለ ልጅ ግን አባቱ ሞቶ ሦስት ወር ሲደብቁት፣ «ተኝቷል»፣ «ገጠር ሄዷል» ሲባል፣ ይገባዋል። እንዲያውም ሌላውን ነገር ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ወደ እስር ቤቱ ደውላችሁ ቻፕሊኑን፣ ማለትም የሃይማኖት አገልጋዩን፣ አገናኙኝ በሉ። የሟቹን ስምና ዝምድና፣ የቀብር አስፈጻሚውን ወይም የሆስፒታሉን ስልክ አዘጋጁ፣ ያጣራሉና። ቻፕሊኑ ቢሮው ጠርቶት፣ ብቻውን ሳይሆን ሰው አጠገቡ ሆኖ ከእናንተ እንዲሰማ ማድረግ ይችላል። በዚያ ጥሪ ላይ ድምፁ የሚረጋ፣ እሱ የሚያከብረው አንድ ሰው ይናገር፤ ታላቅ ወንድም ወይም የንስሐ አባት። ስልኩ ሊቆረጥ ሲል ደግሞ እንደገና የምትገናኙበትን ቀን ነግራችሁት ዝጉ።

ሲዛወርና ሲፈታ

ሲዛወር የስልክ ድርጅቱ ሊለወጥ ስለሚችል አካውንቱን፣ ቪዲዮውን፣ ማጽደቁን እንደገና ትጀምራላችሁ። የመታወቂያችሁን ፎቶና የእሱን የእስረኛ ቁጥር አንድ ቦታ አስቀምጡ። በዚያ ሰሞን «የታሰረውን ላስፈታላችሁ፣ በጊፍት ካርድ ክፈሉ» የሚል ስልክ ከመጣ ሌባ ነው፣ ዝጉት። በድሮው ድርጅት ሂሳብ ላይ ገንዘብ ከቀረ እንዲመለስላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ራሱ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ሲፈታም እንደዚያው፤ በእናንተ ስልክ ስም ያለውን እናንተ፣ በእሱ ስም የቀረውን እሱ ይጠይቅ፣ ከመውጣቱ በፊት ከቻለ።