የባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ምርመራ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ

ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚከሰተው በሴት ብልት ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖሩት ላክቶባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ሲመናመኑና ጋርድኔሬላን የመሳሰሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታቸውን ሲወርሱ ነው። ለምርመራው ማይክሮስኮፕ፣ የፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ወረቀት፣ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ)ና 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በቂ ስለሆኑ፣ እነዚህ ያሉት የመንዝ ወይም የመርሃቤቴ ጤና ጣቢያ ታካሚዋን ለዚህ ብቻ ወደ ደብረ ብርሃን መላክ አያስፈልገውም።

ውጤትን በቀላሉ የሚያበላሸው የናሙና አወሳሰድ ስለሆነ ጥንቃቄው ከዚያ ይጀምራል። ታካሚዋ የወር አበባ ላይ መሆኗ፣ በቅርብ ሰዓታት ግንኙነት ማድረጓ ወይም የብልቷን ውስጥ መታጠቧ ሌላ ሰው በማይሰማበት ክፍል ይጠየቃል፤ ደምም ሆነ የወንድ ዘር ፈሳሽ ፒኤችን ከፍ ያደርጋልና። ናሙናው የሚወሰደው ከብልት የጎን ግድግዳ ሲሆን፣ የማህፀን በር ንፍጥም ፒኤቹ ከፍተኛ በመሆኑ ስዋቡ (ናሙና መውሰጃው ጥጥ) ሊነካው አይገባም።

ስዋቡ ሳላይን ሳይነካው ፒኤች ይለካል፤ ከ4.5 በላይ ከሆነ አንድ ምልክት ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ ፈሳሹ በአንድ ስላይድ ላይ ከሳላይን፣ በሌላው ላይ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ጋር ይደባለቃል። ከሁለተኛው የዓሣ ጠረን ወዲያው ከሸተተ ሌላ ምልክት ነው። የሳላይኑ ስላይድ ተሸፍኖ በ40 ሌንስ ሲታይ፣ ጠርዛቸው በባክቴሪያ ተሸፍኖ የደበዘዘ ክሉ ሴሎች ከኤፒተልያል ሴሎች (የብልትን ግድግዳ ከሚሸፍኑት ሴሎች) ከ20 በመቶ በላይ መሆናቸው ይጣራል፤ ከሆኑ ሦስተኛው ምልክት ነው። ጥቂት ባክቴሪያ የተለጠፈበት፣ ጠርዙ ግን ጥርት ብሎ የሚታይ ሴል እንደ ክሉ ሴል አይቆጠርም፤ ጀማሪ መርማሪ በዚህ በቀላሉ ይሳሳታል።

ስላይዱ ሳይዘገይ መነበብ አለበት። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ትሪኮሞናስ (በዚሁ ስላይድ የሚፈለግ፣ በግንኙነት የሚተላለፍ ተንቀሳቃሽ ጥገኛ ተሕዋስ) እንቅስቃሴውን አቁሞ ከነጭ የደም ሴል ጋር ሊምታታ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ስላይዱ ቶሎ ሊደርቅ ይችላል።

አራተኛው ምልክት ስስ፣ ወጥና ነጣ ያለ ግራጫ ፈሳሽ ነው። ይህን የሚያየው ታካሚዋን የሚመረምረው ባለሙያ ስለሆነ በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ካልጻፈው ላቦራቶሪው ሊያውቀው አይችልም። ከአራቱ ሦስቱ ሲሟሉ ምርመራው የተረጋገጠ ነው።

ሁኔታው ካልለየ በአየር የደረቀ ስላይድ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም የመለየት ዘዴ) ወደሚነበብበት ሆስፒታል ይላካል፤ ታካሚዋ መጓዝ አይጠበቅባትም። እዚያ በ1000 እጥፍ ማጉላት ታይቶ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ እስከ 3 ጤናማ፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 ጀምሮ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው። ጋርድኔሬላ በጤነኛ ሴቶችም ስለሚገኝ ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ) ማዘዝ ወጪ ከማብዛት በቀር አይረዳም።

በውጤት ቅጹ ላይ «ፖዘቲቭ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ትሪኮሞናስም ፒኤችን ከፍ ሊያደርግና ተመሳሳይ ጠረን ሊያመጣ ስለሚችል፣ ከፒኤች ልኬቱና ከክሉ ሴሉ መጠን ጋር ትሪኮሞናስና የእርሾ ፈንገስ መታየት አለመታየታቸው ይጻፋል።