መብራቱ በርቷል፣ ፓምፑስ?

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣ። ከዱባይ ያስመጣውን ሊኩዊድ ኩለር ራሱ ገጥሞታል፤ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ላይ ታስሮ በፓምፕ ፈሳሽ እያዞረ የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ ማለቴ ነው። ሲያበራው ፋኖቹ ይሽከረከራሉ፣ መብራቶቹ ቀስተ ደመና ይሠራሉ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ጥፍት። "የሞተ ዕቃ አሸከሙኝ" እያለ ሲማረር ኬዙን ከፈትኩት።

ኩለሩ ደህና ነበር። ከፓምፑ የሚወጣው የሳታ ገመድ (ኃይል የሚያመጣለት) ከማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ክፍሎች ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ጀርባ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል፤ ማንም አልሰካውም። የፋኖቹ መብራት ኃይል የሚያገኘው ከማዘርቦርዱ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ቆሞ እያለ ሁሉ ነገር የሚሠራ ይመስል ነበር።

እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን ከገመዱ ነው። ስለዚህ ኩለሩን ፈታችሁ ከማውጣታችሁ በፊት የሚታየውን ምልክት ተከተሉ።

በርቶ ወዲያው የሚጠፋ

መጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ እንደበራ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተመልከቱ። ከ35 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ረግቶ ከቆመ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዓይናችሁ እያየ 60፣ 75፣ 90 እያለ ከወጣ ግን ወዲያው አጥፉት። ወይ ፓምፑ አይሠራም፣ ወይ ኩለሩ ፕሮሰሰሩን በደንብ አልነካም።

ሁለቱን ለመለየት ጣታችሁን ፓምፑ ላይ አሳርፉ። የሚሠራ ፓምፕ ስስ ንዝረት አለው፤ ስልክ ሳይለንት ላይ ሆኖ ከሩቅ ሲጠራ የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ ሁለቱን ቱቦዎች ያዙ። ፈሳሹ የሚዞር ከሆነ ሁለቱም ተቀራራቢ ለብታ ይኖራቸዋል። አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ፈሳሹ ቆሟል።

ንዝረት ከሌለ ገመዱን ተከተሉ። አንዳንዱ ፓምፕ ኃይሉን የሚወስደው በሳታ ገመድ ከፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው። የዚህ ዓይነቱ ወደ ማዘርቦርድ የሚልከው ቀጭን ገመድ ፍጥነቱን ለመንገር ብቻ ነው፤ እሱን ሰክቶ ሳታውን መተው ማለት ፓምፑን አለማብራት ማለት ነው። ሌላው ዓይነት ሳታ የለውም። ኃይሉንም የሚያገኘው በ3 ፒን መሰኪያው፣ ከማዘርቦርዱ 12 ቮልት ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከፓምፑ ጀምራችሁ ገመዱን በጣት እየተከተላችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

ፓምፑ እየሠራ የሚግል ከሆነ ኩለሩን አንሱት። ከመዳቡ ሥር የተለጠፈውን ላስቲክ ሳይልጡ የገጠሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ አትሳቁ፣ ይደርሳል። ላስቲኩ ከተነሳ ቀጥሎ ማሰሪያውን እዩ። በድሮው የኢንቴል 1200 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ዙሪያ ያሉት የማሰሪያ ቀዳዳዎች የ75 ሚሊሜትር ርቀት አላቸው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የ1700 ደግሞ 78። ሦስት ሚሊሜትር ቀላል ትመስላለች፤ ግን የድሮ ኩለር አዲሱ ቦርድ ላይ በትክክለኛው ማሰሪያ ካልታሰረ በደንብ አይጫንም። መልሳችሁ ስትገጥሙ አሮጌውን ፔስት (በኩለሩና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አሳላፊ ቅባት) ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ብሎኖቹን ደግሞ በሰያፍ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ። አንዱን ጥግ መጨረሻ ድረስ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ኩለሩን ያዘነብለዋል።

"የሲፒዩ ፋን ስህተት" ብሎ ኤፍ 1 ተጫኑ የሚል

ይሄኛው ከሚያስፈራው ይልቅ ቀላል ነው። ማዘርቦርዱ "ሲፒዩ ፋን" (የፕሮሰሰሩ ፋን) ተብሎ በተጻፈበት መሰኪያ ላይ የሚሽከረከር ነገር ይፈልጋል። እዚያ ምልክት ካጣ ፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ የለውም ብሎ ያስባል። እናንተ ደግሞ ፋኖቹን ራዲያተሩ (የሞቀው ፈሳሽ የሚበርድበት ክፍል) ላይ አስራችሁ ሌላ ቦታ ሰክታችኋል።

ቦርዳችሁ "ኤአይኦ ፓምፕ" (የሊኩዊድ ኩለር ፓምፕ) የሚል መሰኪያ ካለው ፓምፑን እዚያ፣ የራዲያተሩን ፋኖች በማከፋፈያ ገመድ አገናኝታችሁ ሲፒዩ ፋን ላይ ስኩ። የፓምፕ መሰኪያ ከሌለው ፓምፑን ሲፒዩ ፋን ላይ፣ ፋኖቹን "ሲፒዩ ኦፕት" ላይ። ማስጠንቀቂያውን ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማጥፋትም ይቻላል። እኔ አልወደውም። አንድ ቀን ፓምፑ በእርግጥ ሲቆም የሚነግራችሁን ዘበኛ እያባረራችሁት ነው።

ሙቀቱ አንዴ ደህና፣ አንዴ የሚያሻቅብ

ፓምፑ ተራ የኬዝ ፋን መሰኪያ ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ማዘርቦርዱ ፋን መስሎት ሥራ ሲቀንስ ቮልቱን ይቀንስበታል። ፓምፕ ግን ዝም ብሎ መሥራት ነው የሚፈልገው። ባዮስ ውስጥ የዚያን መሰኪያ ፍጥነት ወደ ሙሉ ለውጡት፤ ፋኖቹ እንደ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ይበሉ።

መብራቱ የማይበራ

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። የአርጂቢ (የባለቀለም መብራት) መሰኪያ ሁለት ዓይነት ነው፦ 3 ፒን ያለው 5 ቮልት፣ 4 ፒን ያለው 12 ቮልት። እኔ አንድ ሌሊት፣ በስልክ ባትሪ ብርሃን፣ ባለ 5 ቮልቱን ገመድ 12 ቮልት ላይ ታግዬ አስገባሁት። እምቢ ሲለኝ ማቆም ነበረብኝ። ቁልፉን ስጫን መብራቱ ብልጭ አለና ለዘላለም ሄደ። ፓምፑና ፋኖቹ አልተነኩም፤ እስከ ዛሬ ጨለማ ውስጥ ይሠራሉ። ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታነቡ አትሰኩ፣ ያልገባውንም አትግፉ።

ሶፍትዌሩ ኩለሩን የማያየው

ፓምፑ ፕሮግራም ያለው ከሆነ ከማዘርቦርዱ የውስጥ ዩኤስቢ ጋር መገናኘት አለበት። ያ ገመድ ካልተሰካ ኩለሩ ያቀዘቅዛል፣ ፕሮግራሙ ግን "አላገኘሁም" ይላል። መሰኪያው 9 ፒን አለው፤ በሁለት ረድፍ፣ አንዱ ጥግ ላይ አንድ ፒን ጎድሎ። የድምፅ መሰኪያውም 9 ፒን ስላለው ሰዎች ይሳሳታሉ። የዩኤስቢው ክፍተት ጥጉ ላይ ነው፤ የድምፁ ክፍተት ከጥጉ አንድ ገባ ብሎ። አጎንብሳችሁ በደንብ ካያችሁት ይለያል።

ሁሉም ልክ ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ካያችሁት የሙከራ ቪዲዮ በላይ የሚሞቅ

ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ራይዘን 7000 የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ጫና ሲበዛበት 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ። ሁለተኛው የእኛ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀላል። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንሳል፣ የሚወስደው ሙቀትም እንዲሁ። ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከተቀረጸ ሙከራ ጥቂት ዲግሪ ብትበልጡ ገመድ አትፈልጉ። የፋኖቹን ፍጥነት ትንሽ ከፍ አድርጉ።

ውሃ የሚንቆረቆር ድምፅ

ውስጡ ያለው አየር ፓምፑ ጋ ደርሷል ማለት ነው። የራዲያተሩ የላይኛው ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አየሩ ወደ ላይ ሄዶ እዚያ እንዲቀር። ራዲያተሩን ከኬዙ ጣሪያ ላይ እሰሩት። ፊት ለፊት ካሰራችሁትም ቱቦዎቹ ከታች በኩል ይውጡ። ከዚያ እየሠራ ሳለ ኬዙን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዘንብሉት። አዲስ ኩለር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ቢያጉረመርም ያልፍለታል። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ የጀመረ ድምፅ ግን ፈሳሹ መቀነሱን ሊነግራችሁ ይችላል። አብዛኞቹ ተዘግተው የተሠሩ ስለሆኑ መሙያ አትፈልጉላቸው።

ጓደኛዬ የሳታ ገመዱን ሰክቶ 38 ዲግሪ ሲያይ ለዱባዩ ሻጭ ስልክ ሊደውል የያዘውን ቁጥር አጠፋ።