አሳማኝ ክርክር ውስጥ የተደበቀ ስህተትን እንዴት እንለያለን?

አንድ ንግግር ሰምታችሁ «ልክ ነው» ካላችሁ በኋላ የሆነ ነገር ከንክኗችሁ ያውቃል? ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ምክንያቱና ድምዳሜው የተያያዙበት ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ድምዳሜውን ፈልጉ። ተናጋሪው ምን እንድታምኑለት ነው የፈለገው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከሥሩ ምክንያቶቹን ደርድሩ። አፍ አውጥቶ ያልተናገረው፣ ግን ክርክሩ ያለ እሱ የማይቆም ሐሳብ ካለም ጨምሩት፤ ስህተቱ መደበቅ የሚወደው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የአመክንዮውን ዓይነት ለዩ። ዲዳክቲቭ ሲሆን ምክንያቶቹ እውነት ከሆኑ ድምዳሜው የግድ እውነት ይሆናል። ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሟች ነው። ኢንዳክቲቭ ግን ካየነው ተነስቶ ስላላየነው ይናገራል፤ ስለዚህ ከ«ሳይሆን አይቀርም» አያልፍም። አውሮፓውያን ስዋን የሚባለውን የውሃ ወፍ ለዘመናት የሚያውቁት ነጩን ብቻ ስለነበር ሁሉም ነጭ ይመስላቸው ነበር፤ በ1697 እ.ኤ.አ. የሆላንድ መርከበኞች አውስትራሊያ ውስጥ ጥቁሩን አገኙ። «ሁሌም» ወይም «ሁሉም» የሚል ሰው ስትሰሙ ስንት አይቶ እንደሆነ ጠይቁት።

አሁን ስህተቱን ፈልጉ። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል 13 ዓይነት ዘርዝሯል፤ ሁሉንም መሸምደድ ግን አያስፈልግም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የሌላውን ሐሳብ አጣሞ መምታት ነው። አንዱ «ልጆች ስልክ ላይ የሚያጠፉት ሰዓት ይቀነስ» ይላል፤ ሌላው «ታዲያ ልጆቻችን ከቴክኖሎጂ ይቆራረጡ?» ብሎ ይጮኻል። ማንም እንደዚያ አላለም! መፈተኛው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ሰው ይህን ቢሰማ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ይላል?

ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መስደብም አለ። ሲጋራ የሚያጨስ ሐኪም «ሲጋራ ሳንባ ይጎዳል» ቢላችሁ፣ እሱ ማጨሱ ሳንባችሁን አያድነውም። ጉዳዩ ምስክርነት ከሆነ ግን የሰውየው ታማኝነት መነሳቱ ተገቢ ነው።

«ወይ ከእኛ ጋር ነህ፣ ወይ ጠላታችን» ሲባል ሦስተኛ መንገድ ፈልጉ።

«መድኃኒቱን ጠጣሁ፣ ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀኝ» ሲባል ደግሞ ሳይጠጣስ አይለቀውም ነበር ወይ በሉ፤ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሄዳል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ክርክሩ ስህተት አለበት ማለት ድምዳሜው ውሸት ነው ማለት አይደለም። «ምድር ክብ ናት፣ ጎረቤቴ ስለነገረኝ» ያለ ሰው ምክንያቱ ደካማ ነው፤ ምድር ግን ክብ ናት። ስለዚህ ስህተቱን ስታገኙ ወዲያው አትፍረዱ፤ «ሌላ ምክንያት አለህ?» ብላችሁ ጠይቁትና ስሙት።